ለቆየ ቶዮታ የሚሆን ተራ የሞተር ዘይት፦ አራት የታወቁ ስሞች በንጽህና ሲመዘኑ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ቀደም ብሎ የገባው ኮሮላ፣ ቪትዝና ያሪስ ለባለቤቱ ከቀድሞው ይልቅ ብርቅ ሆኖበታል። አሮጌውን ሸጦ ሻል ያለውን መግዛት ለብዙዎች የማይታሰብ በመሆኑ፣ ያለውን ሞተር ሳያስወርዱ ማቆየት ዋናው ጭንቀት ሆኗል። በሶማሌ ተራም ሆነ በየሰፈሩ የመለዋወጫ ሱቅ አዘውትሮ የሚሰማው ጥያቄም «ሞተር የሚያጸዳ፣ ዋጋው ግን የማይጎዳ ዘይት የቱ ነው?» የሚል ነው። የሻጩ መልስ ብዙውን ጊዜ «20/50 ውሰድ፣ ወፍራም ነው» ከሚል አያልፍም። ይህ መልስ ስለ ውፍረት ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ ንጽህና አንዳች የሚለው ነገር የለም። እዚህ የምመዝነው ሲንቴቲክና ከፊል ሲንቴቲክ ያልሆነውን፣ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚሠራውን ተራ ዘይት ብቻ ሲሆን፣ ለንጽጽር የወሰድኳቸው ስሞች ካስትሮል ጂቲኤክስ፣ ሞቢል ሱፐር 1000፣ ሼል ሂሊክስ እና ቶታል ኳርትዝ 5000 ናቸው።

ሞተርን ከሚያቆሽሹ ነገሮች መካከል ከውጭ የሚገባው አቧራ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ዋናው ቆሻሻ ግን እዚያው ሞተሩ ውስጥ የሚፈጠር ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ባለው ቀለበት) እና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ሾልኮ ወደ ኮፓው (ዘይት ወደሚጠራቀምበት የሞተሩ ታችኛ ክፍል) ይወርዳል፤ ይህም ጋዝ ጥላሸት፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ የውሃ ተንና አሲድ የሚፈጥሩ ውህዶችን ይዞ ይገባል። በዚህ ላይ ዘይቱ ራሱ በሙቀት ብዛት ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይወፍራል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረዘም ያለ መንገድ ሲሄድ ውሃውና ቤንዚኑ ተንነው ይወጣሉ፤ ገና ሳይሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሁሉም እዚያው ተቀላቅለው በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛ ክፍል) ላይና በኮፓው ወለል ጥቁር ዝቃጭ ሆነው ይቀራሉ። ዝቃጩ የዘይት ፖምፓው የሚስብበትን ወንፊት የደፈነ ቀን ዘይት ወደ ላይ መውጣቱ ይቀንሳል፣ ኩሽኔታው (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ክፍል) ይበላል፣ ሞተሩም ይነክሳል።

የአዲስ አበባ አነዳድ ለዚህ ዓይነቱ ብክለት የተመቸ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ እንደመሆኗ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ብዙ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርስና ወዲያው ያቆማል፤ መንገዱ ረዘም ካለም ግማሹን ሰዓት መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ ቆሞ በማጉረምረም ያሳልፋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይህን ሁሉ አይመዘግብም። አንዳንድ የመኪና አምራቾች የአንድ ሰዓት የቆመ ሞተር ሥራ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ጉዞ እንደሚጠጋ ተደርጎ እንዲታሰብ የሚመክሩት ለዚህ ነው። በራይድና በመሰል አገልግሎት የተሰማራ ሹፌር «ገና 5,000 አልሞላም» ሲል ሞተሩ በእውነቱ ከዚያ በላይ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የአሮጌ መኪና ወይም የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ከ1997 እስከ 2002 ለተመረቱ 3.3 ሚሊዮን ያህል መኪኖች፣ በዘይት መርጋት ምክንያት ለሚደርስ የሞተር ጉዳት የተራዘመ ዋስትና ሰጥቷል። ከእነዚህ መኪኖች መካከል የካምሪው ባለ አራት ሲሊንደር 5ኤስ ሞተር ይገኝበታል። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ጥፋቱን ዘይት በጊዜው ባለመቀየር ላይ ሲያላክክ፣ ባለመኪኖቹ ደግሞ የሞተሩን አሠራር ይከሱ ነበር። ክርክሩ የት ላይ እንደቆመ ለእኛ ጉዳይ አያስፈልገንም። ቁም ነገሩ በጥንካሬው የምንምልበት ቶዮታም ቢሆን በዝቃጭ ሊታነቅ መቻሉ ነው።

ዘይት ቆሻሻን የሚከላከለው በውስጡ በተጨመሩ ሁለት ዓይነት ኬሚካሎች ነው። የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው ከካልሲየም ወይም ከማግኒዥየም የሚሠሩ አጣቢዎች ሲሆኑ፣ በፒስተኑና በፋሻው አካባቢ የሚጋገረውን ነገር ይከላከላሉ፣ አሲዱንም ያረክሳሉ። ሁለተኛዎቹ ጥላሸቱ እርስ በርሱ እንዳይያያዝ እያንዳንዱን ቅንጣት ከበው በዘይቱ ውስጥ እንዲንሳፈፍ የሚያደርጉ ናቸው። እነዚህ ቅንጣቶች ከአንድ ማይክሮን ያነሱ በመሆናቸው ፊልትሮው ሊይዛቸው አይችልም፤ ከሞተሩ የሚወጡት ዘይቱ ሲቀየር ብቻ ነው። እንግዲህ «በሁለት ሳምንቱ ጠቆረ» ተብሎ የሚወቀስ ዘይት ብዙ ጊዜ ሥራውን በትክክል የሠራ ዘይት ነው። ይልቁንስ ሊያስጠረጥር የሚገባው በቆሸሸ ሞተር ውስጥ 4,000 ኪሎ ሜትር ሄዶም እንደ ማር ጠርቶ የሚወጣው ነው፤ ቆሻሻው የት ሄደ ታዲያ?

ከዚህ በመነሣት የትኛውንም ዘይት ከመግዛቴ በፊት የማየው የስሙን ትልቅነት ሳይሆን በጀሪካኑ ጀርባ ያሉትን ሁለት ፊደላት ነው። የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ ለቤንዚን ሞተር የሚሆኑ ዘይቶችን በ«ኤስ» ፊደል ጀምሮ ደረጃ ያወጣላቸዋል። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስና ጠንካራ ይሆናል። ኤስኤ ምንም ተጨማሪ ኬሚካል የሌለበት በመሆኑ ከ1930 በኋላ ለተሠራ ሞተር አይሆንም። ኤስኤፍ ከ1988 በኋላ ለተሠሩት፣ ኤስጂ ከ1993 በኋላ ለተሠሩት አይመከርም። ኤስጄ እስከ 2001፣ ኤስኤል እስከ 2004፣ ኤስኤም እስከ 2010፣ ኤስኤን እስከ 2020 ለተመረቱ መኪኖች የወጡ ደረጃዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ በ2020 ኤስፒ፣ በ2025 ደግሞ ኤስኪው መጥተዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አዲሱ ደረጃ የቀድሞዎቹን ሥራ ስለሚሸፍን የ1998 ኮሮላ ኤስኤን ቢጠጣ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ተቃራኒው ግን አይሠራም፤ በየሱቁ በርካሽ የሚቸረቸረው ኤስኤፍ የተጻፈበት ዘይት ለ2005 ቪትዝ ሲቀዳለት ባለመኪናው ያተረፈው ጥቂት መቶ ብር ሞተር በሚወርድበት ቀን ከእነወለዱ ይከፈላል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤፒአይ ፈቃድ የሰጠው ዘይት መሐሉ ላይ የውፍረት ቁጥሩ፣ ከላዩ የደረጃው ፊደላት የተጻፉበት ክብ ማኅተም አለው። «የኤፒአይን ደረጃ ያሟላል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ከሆነ ግን የአምራቹ የራሱ ቃል ነው። ቃሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ የታወቁ ኩባንያዎችም በአንዳንድ አገሮች ያለ ማኅተሙ ይሸጣሉ። ነገር ግን ስሙ ተሰምቶ የማይታወቅ ዘይት ማኅተምም ከሌለው የምታምነው ማንን ነው?

ወደ ውፍረት ስንመጣ፣ በተለምዶ «ሃያ ሃምሳ» የምንለው ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። ከፊት ያለው፣ «ደብሊው» የሚከተለው ቁጥር፣ ዘይቱ በቅዝቃዜ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል፤ የኋላው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ውፍረት። የ40 ዘይት በዚህ ሙቀት ከ12.5 እስከ 16.3፣ የ50 ዘይት ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መለኪያ) ይለካል። 20/50 ዘይት በሰመራ፣ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ ሙቀት ለሚሠራ፣ እንዲሁም ፋሻው ለደከመና ዘይት ለሚበላ ሞተር ተገቢ ነው። ለደህና ሞተር፣ ያውም በአዲስ አበባ፣ በደሴ ወይም በደብረ ብርሃን ጠዋት፣ 15/40 ይሻላል ባይ ነኝ። ቀጠን ያለው ዘይት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ቴስታታው ቶሎ ይደርሳል፣ ከቴስታታውም ቶሎ ተመልሶ ወደ ኮፓው ይወርዳል፤ ይህ መመላለስ ነው ቆሻሻን ከጥግ የሚያነሣው። «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚለው አባባል የደከመ ሞተር ድምፅን ለመደበቅ ከሚሸጡ ሰዎች የተወረሰ ይመስለኛል። የ2000ዎቹ ቪትዝና ያሪስ አብዛኞቹ ከዚህም ቀጭን በሆነ፣ በ5/30 ዘይት እንዲሠሩ የታቀዱ ስለሆኑ የመኪናው መመሪያ ካለ የሙቀት ሰንጠረዡን አይቶ መወሰን ይበጃል።

አሁን ወደ ዘይቶቹ። ካስትሮል ጂቲኤክስ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ፣ ከሁሉም በላይ «ዝቃጭን እከላከላለሁ» በሚል ማስታወቂያ የታወቀ ስም ነው። ማስታወቂያው መሠረት የለሽ አይደለም፤ ጥሩ ደረጃ የተጻፈበት ጂቲኤክስ በዚህ ረገድ የሚታማ ዘይት አይደለም። ቅሬታዬ ስሙ ለተለያዩ አገሮች በተለያየ ደረጃ የሚታሸግ በመሆኑ ላይ ነው። ሁለት ጂቲኤክስ ጎን ለጎን ተደርድረው አንዱ ኤስኤል፣ ሌላው ኤስኤን ሊሆኑ ይችላሉ። አብዛኛው ገዢ ደግሞ የሚያየው ቀይና አረንጓዴውን አርማ ብቻ ነው።

ሼል ሂሊክስ በተራ ዘይት ረድፍ ሁለት እርከኖች አሉት፤ ገዢዎች እነዚህን ማምታታቸው የተለመደ ነው። ኤችኤክስ3 የታችኛው ነው፤ በብዙ አገሮች የሚሸጠው በኤስኤል አካባቢ ባለ ደረጃ በመሆኑ ለ1990ዎቹ ዲኤክስና ለመሰሎቹ ይበቃል፤ ከ2005 በኋላ ለተሠራ መኪና ግን አልመክረውም። ኤችኤክስ5 በአንድ እርከን ከፍ ይላል፤ 15/40ው ኤስኤን ወይም ከዚያ በላይ ከተጻፈበት ለእኛ አገር የቆየ ቶዮታ እጅግ ተስማሚ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሞተር ከሚጠይቀው ጥገና አንጻር የሚወራለት አይደለም። ኤችኤክስ7 ላይ ሲደረስ ከዚህ ግምገማ ወሰን ወጥተናል፤ እሱ ከፊል ሲንቴቲክ ነው።

ሞቢል ሱፐር 1000 ከስሙ ቁጥር እንደሚታየው የሱፐር ቤተሰብ መነሻ ነው፤ 2000ው ከፊል ሲንቴቲክ፣ 3000ው ሲንቴቲክ ነው። የሱፐር 1000 15/40 ብዙ ጊዜ ኤስኤንን ያሟላል፤ በዚህም ምክንያት ከአራቱ መካከል በመጀመሪያ እጄን የምዘረጋው ወደ እሱ ነው። ማስታወቂያው እንደ ጂቲኤክስ ስለ ዝቃጭ አይጮህም፤ ዘይት ግን የሚሠራው በውስጡ ባለው ኬሚካል ነውና ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። የ20/50 እህቱም በሱቆች ስለምትገኝ ቆላ የሚኖር ሰው ያለ ስጋት ሊወስዳት ይችላል።

ቶታል ኳርትዝ 5000ም እንዲሁ የተራ ዘይት ረድፍ ነው፤ 7000 እና 9000 ከእሱ በላይ ናቸው። ትልቁ ጥቅሙ ስሙን ከያዘ ማደያ በቀጥታ መገዛት መቻሉ ነው፤ ይህም ከሐሰተኛ ዘይት ስጋት ግማሹን ያስወግዳል። የደረጃው ፊደል ግን እንደ እሽጉ ስለሚለያይ ከመክፈል በፊት ጀርባውን ማንበብ ግድ ነው። ኤስኤን የተጻፈበት ኳርትዝ 5000 15/40 ካገኘሁ ከሱፐር 1000 እና ከኤችኤክስ5 ጋር በእኩል ደረጃ አስቀምጠዋለሁ። በሦስቱ መካከል ልዩነት ፈልጎ መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም፤ የሚለያያቸው ሻጩ ነው።

አንዳንድ የታክሲ ሹፌሮች ደግሞ ለቤንዚን ሞተር የናፍጣ መኪና ዘይት ይመርጣሉ፤ «ያጥባል» ነው ምክንያታቸው። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ለከባድ የናፍጣ ሞተር የሚሠራ 15/40 አሲድ የማርከስና የማጠብ አቅሙ ከቤንዚን ዘይት ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ «ሲ» ከሚለው የናፍጣ ደረጃ ጎን የ«ኤስ» ፊደልም ካልተጻፈበት አልቀዳውም፤ በተለይ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጽጃው) ገና በሥራ ላይ ላለ መኪና።

በየጋራዡ የሚደረገው በናፍጣ ሞተር የማጠብ ልማድ ግን በጭራሽ አይመከርም። ዘይቱ ከወጣ በኋላ ናፍጣ ጨምሮ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማስነሣት ቆሻሻውን ማላቀቁ አይቀርም፤ ችግሩ ግን የተላቀቀው ጓል ተሰባስቦ የፖምፓውን ወንፊት መድፈኑ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ለኩሽኔታ የሚሆን ቅባት የለውም። ለዓመታት ችላ የተባለን ሞተር ቀስ ብሎ ማጽዳት ያዋጣል። ጥሩ ደረጃ ያለው 15/40 ይቀዳል፤ በ1,500 ወይም በ2,000 ኪሎ ሜትር ከነፊልትሮው ይቀየራል፤ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ወደ መደበኛው 5,000 ይመለሳል። ተራ ዘይት በዋጋው መጠነኛ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በሲንቴቲክ ዋጋ ይህን ማድረግ ኪስ ያራቁታል። የከተማ ውስጥ አጭር ጉዞ ብቻ ለሚሄድ መኪና ደግሞ ከ5,000 ይልቅ 4,000 ወይም ስድስት ወር፣ ከሁለቱ የቀደመው፣ የተሻለ ወሰን ነው።

ዘይቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ሞተር መፍታት አያስፈልግም። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መቅጃውን ክዳን ማንሣትና በስልክ መብራት ወደ ውስጥ መመልከት ብዙ ይናገራል። ብረቱ ላይ ስስ ቡናማ ቀለም ብቻ ከታየ ሞተሩ ደህና ነው፤ በጣት ሲነካ የሚንሸራተት ጥቁር ርጋታ ካለ ችላ ተብሏል። በክዳኑ ሥር ማኪያቶ የሚመስል አረፋ ከተገኘ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ውሃው ከአጭር ጉዞ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ የራዲያተሩ ውሃም እየጎደለ ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) መታየት አለበት። ሌላው ዘዴ በዘይት መለኪያው ዘንግ ጫፍ አንድ ጠብታ ወስዶ ነጭ ለስላሳ ወረቀት ላይ ማኖርና አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ጠብታው በሰፊው ተሰራጭቶ እስከ ዳር ድረስ ወጥ የሆነ ግራጫ ቀለም ከያዘ፣ ጥላሸቱን አንሳፋፊው ኬሚካል ገና በሥራ ላይ ነው። መሐሉ ጠቁሮ፣ ጫፉ እንደ ተቆረጠ ስል ሆኖ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ወረቀት ቅባት ብቻ ከመሰለ ዘይቱ አልቆለታል፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ይቀየር።

ፊልትሮን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ ከዘይቱ ጋር አብሮ ይቀየራል። ሁለት ጊዜ ዘይት፣ አንድ ጊዜ ፊልትሮ የሚለው ቁጠባ ሞተር ከሚጠይቀው ጥገና ጋር ሲነጻጸር ዋጋ ቢስ ነው፤ 1ኤንዜድ የተባለው ሞተር የተገጠመለት ኮሮላ ከነፊልትሮው የሚጠጣው 3.7 ሊትር ብቻ ነውና ከአንድ ባለ 4 ሊትር ጀሪካን እንኳ ይተርፋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የሻጩ ነው። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ፣ ቀለም ተስተካክሎ በታወቀ ስም ባዶ ጀሪካን ውስጥ ሊሞላ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ከላይ ስለ ፊደላት የተባለው ሁሉ ዋጋ ያጣል። ክዳኑ ቀለበቱ ያልተነካ፣ ከሥሩ ያለው ፎይል በወጉ የታሸገ፣ በጀሪካኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥርም የማይለቅ መሆን አለበት፤ ዋጋው ከማደያው እጅግ ከወረደም መጠየቅ ይገባል። ዘይት ለዋጩ ሲቀዳም አጠገቡ ቆሞ ክዳኑ ሲከፈት ማየት ነውር አይደለም። ባዶውን ጀሪካን ቆራሌው ከመውሰዱ በፊት ሥሩን በቢላ መብሳት ደግሞ ሐሰተኛ ዘይት ለሚሞሉ ሰዎች ዕቃ አለማቅረብ ነው።